ፎቁ ቤት የተለካበት ዓመት

ባለፈው ዓመት ለአጎቴ ልጅ ሠርግ መካነ ሰላም ሄጄ ነበር። በማግስቱ ወደ መናኸሪያው በእግር ስንወርድ አንድ ሰውዬ ደጃፉ ላይ ጭቃ አቡክቶ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ሲረግጥ ደረስን። ጭድ የገባበት፣ ሳምንት ሙሉ ውሃ እየጠጣ የሰነበተ፣ ለግድግዳ ምርጊት የተዘጋጀ ጭቃ ነው። አብራኝ የነበረችው ጓደኛዬ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። እኔ ግን እግሬ አልራመድ አለኝ። ሽታው ለማያውቀው ሰው ደስ አይልም፤ ከጠላ ድፍድፍም ከከብት በረትም የተዋሰ፣ ኮምጠጥ ያለ ነገር ነው። እኔ ግን ቀዝቃዛው ጭቃ በእግር ጣቶቼ መካከል ሲገባ ተሰማኝ።

«ምነው?» አለችኝ።

«ልጅ ሆኜ አንድ ዓመት እዚህ ከተማ ኖሬ ጭቃ ረግጫለሁ» አልኳት። አውቶቡሱ እስኪሞላ ድረስ የነገርኳት ይህንን ነው።

አባቴ መምህር ነው። እኔ አምስተኛ ክፍል ልገባ ስል ወደ ማሻ ተዛወረ። እናቴ በዚያው ሰሞን መንታ ተገላግላ ስለነበር፣ ቤት እስኪያገኙና ሕፃናቱ ጠንከር እስኪሉ ድረስ እኔ መካነ ሰላም፣ አባቴን ያሳደጉት አክስቱ ዘንድ እንድቀር ተወሰነ። እማማ አስካለ ይባላሉ። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል፤ የወለዱት ልጅ የለም። ያላቸው ቤት ነው። በከተማው «ፎቁ ቤት» ከተባለ የእሳቸው ነው።

ቤቱን ያሠሩት የእማማ አባት ናቸው። የደብር አለቃ ስለነበሩ ሁሉም ሰው «አለቃ» ብቻ ነው የሚላቸው። አንድ ጊዜ ለቤተ ክህነት ጉዳይ ደሴ ሄደው ባለ ደርብ ቤት አይተው ተመለሱ። «ከዚያ ወዲያ ጎጆ ውስጥ መተኛት አልሆንላቸው አለ» ይሉ ነበር እማማ። ምድር ቤቱ የድንጋይና የጭቃ ነው፤ ግድግዳው ከመወፈሩ የተነሳ መስኮቱ ውስጥ እግሬን አጥፌ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር። ድሮ በቅሎዎቹ የሚያድሩትም፣ የእህሉ ጎታ የሚቀመጠውም እዚያ ነው። ላይ ሁለት ክፍል አለ። ከፊት ለፊቱ አራት የጥድ ምሰሶ የተሸከመው የእንጨት ሰገነት አለ፤ የቆርቆሮው ጠርዝ እንደ ጥልፍ ተቀዶ ዙሪያውን ተንጠልጥሏል። ዝናብ ሲመታው ጥዱ ይሸታል። ከጫካ ከወጣ ዕድሜ ቢሆነውም ሽታውን አልተወም።

የላይኛው ክፍል ኮርኒስ አቡጀዲድ ነው፣ በእርጅና የረገበ። መሸት ሲል ከጨርቁ በላይ የሆነ ነገር ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል፤ አቡጀዲዱ በእርምጃው ልክ ጎበጥ፣ ጎበጥ ይላል። ሁለት ወር ያህል የሞቱት አለቃ ናቸው ብዬ አምን ነበር። ቤታቸውን እየዞሩ የሚያዩ መሰለኝ። አንድ ቀን ለእማማ «አለቃ ዛሬ ቸኩለዋል» ብላቸው ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ።

«አይጥ ነው ልጄ። አባቴማ ሲራመዱ ቀስ ብለው ነበር።»

የእኔ ሥራ የሰገነቱን ወለል መጥረግ፣ ዝናብ ሲያስገመግም የላይኞቹን መስኮቶች መዝጋት፣ ጣራው በሚያፈስበት ደግሞ ሳፋና ድስት መደርደር ነበር። አምስት ቦታ ያፈሳል፤ ሁሉንም በስማቸው አውቃቸዋለሁ፦ የአልጋው፣ የሳጥኑ፣ የደረጃው፣ የሥዕሉ፣ አንዱ ደግሞ ቦታ የሚቀያይረው።

ይህ ሁሉ ግን ከውጭ አይታይም። ግቢውን የከበበው የድንጋይ ካብ ከሰው ቁመት እጅግ ይበልጣል፤ መንገዱም ጠባብና ካቡን የታከከ ነው። ከመንገድ ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው የቆርቆሮውን ጫፍ ቢያይ ነው። የክፍሌ ልጆች «ውስጡ ምን አለ?» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ያለውንም የሌለውንም ጨምሬ እነግራቸው ነበር።

ቤቱን በየዓመቱ፣ ክረምት ሳይገባ የሚመርጉት አያ ሰይድ ናቸው። አባታቸው ከወረኢሉ መጥተው ይህንኑ ቤት የገነቡ ግንበኛ ነበሩ። ቤቱ ሲያልቅ አልተመለሱም፤ እዚሁ አገቡ፣ ሰይድን ወለዱ። አያ ሰይድ በሩ ላይ ቆመው «አፊያ ናችሁ ወይ?» ሲሉ፣ የአለቃ ልጅ እማማ አስካለ ከሰገነቱ ላይ ሆነው «አልሐምዱሊላህ፣ ግባ» ይላሉ። አብረው ያደጉ ናቸው። ስለ ቤቱ ሲያወሩ አንድ ዘመድ የታመመባቸው ይመስላሉ።

«የምሥራቁ ጎን እንዴት ሆኖልሃል?»

«ዘንድሮ ሆዱ ትንሽ ተነፍቷል። አብሽሩ፣ ይመለሳል።»

ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ አገኘሁት። በቤቱ የመንገድ ጥግ፣ ድንጋዩ ላይ፣ በቀይ ቀለም ትልቅ የኤክስ ምልክት ተደርጓል። ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ ወደ ታች ይወርዳል። እኔ ያንን ምልክት የማውቀው ከደብተሬ ነው። መምህራችን የተሳሳትነው ላይ የሚያደርጉት ነው። እማማ ደረጃው ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ ቤቱ ምን ተሳስቶ ነው?» አልኳቸው።

የመለሰልኝ አጠገባቸው የቆመው፣ የቀለም ቆርቆሮ የያዘው የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ነው።

«አልተሳሳተም። መንገዱ ሊሰፋ ነው» አለኝ። ከዚያ ወደ እማማ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የእናቴም ቤት ላይ ያደረግሁት እኔው ነኝ፣ እማማ። ሌላ ሰው እንዲያደርገው አልፈለግሁም።»

እማማ ቀና ብለው አዩት። «እናትህ የማን ልጅ ናት?» ሲሉት ነገራቸው፤ አወቋት። «እግዚአብሔር ይርዳት» አሉ። ሰውዬው እጅ ነስቶ፣ በሩን ቀስ ብሎ መልሶ ወጣ።

«እንደገና መጡ» አሉ እማማ፣ እኔን ሳያዩ። ከዚያ በፊት ነግረውኝ የማያውቁትን ነገር የነገሩኝ ያን ቀን ነው። በደርግ ጊዜ ሁለት ሰዎች ሜትርና መዝገብ ይዘው መጡ። ጨዋ ልጆች ነበሩ፤ እማማ ራሳቸው ጠላ ቀድተውላቸዋል። ለኩ፣ መዘገቡ፣ አመስግነው ሄዱ። በወሩ ከግቢው ጀርባ የነበረው ሁለተኛው ቤታቸው ትርፍ ነው ተብሎ ተወረሰ። አለቃ ያንን ረጅም ካብ ያስካቡት ከዚያ በኋላ ነው። «ሰው አይቶ እንዳይመኘው» ብለው።

በእኔ ጭንቅላት ነገሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲህ ተደረደረ፦ መጀመሪያ ይለካሉ፤ ቀጥሎ ይመዘግባሉ፤ ከዚያ ይወርሳሉ።

ስለዚህ ብርቱካን የምትባል ሴት ሜትር ይዛ ስትመጣ ምን እንደማደርግ አውቄው ነበር። መጋቢት ላይ ነው፤ ጾም ነው፤ እማማ ቅዳሴ ሄደዋል። በሩን ስከፍት አንዲት ቀጭን ወጣት ሴት ቆማለች። ጫማዋ በአውቶቡስ አቧራ ነጭ ሆኗል። በአንድ ትከሻዋ ካሜራ፣ በሌላ እጇ በቆዳ የተሸፈነ ክብ ሜትር ይዛለች።

«ብርቱካን እባላለሁ። ከደሴ፣ ከባህል ቢሮ ነው የመጣሁት» አለችኝ፣ ለትልቅ ሰው እንደሚነገር አድርጋ። «ቤታችሁ ቅርስ ሆኖ እንዲመዘገብ ነው። መጀመሪያ እንለካዋለን፣ ከዚያ እንመዘግበዋለን።»

«ቅርስ» ነው ያለችው። እኔ የሰማሁት «ውርስ» ነው። «ቅርስ» የሚለውን ቃል ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም፤ ከሜትሩና ከመዝገቡ ጋር ደግሞ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

«እማማ የሉም» አልኳት። ቆይቼ ደግሞ «አይመጡምም» አልኩ።

ሳቀች። ከቦርሳዋ የታሸገ ደብዳቤ አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። «እንግዲያው ይህንን ስጪልኝ፤ አደራ። ነገ ጠዋት ተመልሼ እመጣለሁ።»

እማማ ሲመጡ «ሜትር የያዘች ሴት መጥታ ነበር፤ ለውርስ ነው አለች» አልኳቸው። ነጠላቸውን ሳያወልቁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ነገ ብትመጣ በር አትክፈቺላት» አሉኝ። ደብዳቤውን ግን አልሰጠኋቸውም። ወረቀቱ ካልደረሳቸው ውርሱ አይጸናም ብዬ አሰብኩ። በምሥራቁ ግድግዳ፣ ከመስኮቱ በታች ጭቃው ተሰንጥቆ ነበር፤ ደብዳቤውን አራት ቦታ አጥፌ እዚያ ውስጥ ከተትኩት።

በማግስቱ ብርቱካን መጣች። እማማና እኔ ምድር ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን ስታንኳኳ ሰማናት። «እማማ፣ ለክፉ አይደለም» አለች ከካቡ ማዶ። ጥቂት ቆይታ «ለቤቱ ነው የመጣሁት» አለች። እማማ ዳዊታቸውን ዘርግተው ነበር፤ ገጹን ግን አልገለጡም። ወጣቷ ሴት ብዙ ቆመች። የእግሯ ኮቴ ሲርቅ እኔ ድል ያደረግን መሰለኝ። እማማን ሳያቸው ግን ደስ አላላቸውም። «የሰው ልጅ ደጅ ላይ አቁሜ አላውቅም ነበር» አሉ።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ አያ ሰይድ ለምርጊቱ መጡ። አፈሩ ተቆለለ፣ ጭዱ ተነሰነሰ፣ ውሃው ፈሰሰበት። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀሚሴን ወገቤ ላይ ሸጉጬ እገባበታለሁ። በመጀመሪያው ቀን ጭቃው ቀዝቃዛና ክብድ ያለ ነው፤ በሦስተኛው መሽተት ይጀምራል፤ በሳምንቱ እንደ ሊጥ ይለሰልስና ውስጡ ሞቅ ይላል። አያ ሰይድ በጣታቸው ቆንጥረው ያሹትና «ገና ነው፤ ነገም ርገጪ» ይላሉ። ሲሚንቶ ለምን እንደማይጠቀሙ ስጠይቃቸው፣ «ሲሚንቶ ለጭቃ ግድግዳ ቆዳ አይሆነውም፤ ያፍነዋል። ከውስጥ ይበሰብሳል፣ አንቺ ግን ከላይ ደህና ነው ትያለሽ» አሉኝ።

መምረግ የጀመሩት ከሰሜኑ ጎን ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ምንም አልመሰለኝም። በሦስተኛው ቀን ወደ ምሥራቁ ዞሩ። ጭቃውን በመዳፋቸው እየጠፈጠፉ፣ በክንዳቸው እያለሰለሱ ወደ ስንጥቁ ተጠጉ። ጭቃ ላቀብል አጠገባቸው ቆሜአለሁ። ደብዳቤው ከተመረገበት ማንም አያገኘውም፤ የምፈልገውም ያንን ነበር። ግን «አደራ» ብላኝ ነበር፤ በሁለት እጇ ነበር የሰጠችኝ።

«አያ ሰይድ፣ እዚያ ውስጥ ወረቀት አለ» አልኩ።

እጃቸውን አቆሙ። ምንም ሳይጠይቁኝ በሁለት ጣታቸው ጎትተው አወጡት፤ አቧራውን እፍ ብለው አራገፉለት። «እኔ የቀራሁት ቁርአን ነው፤ ይሄንን አንቺ አንብቢልኝ» አሉ። እንባዬ እየመጣ አነበብኩላቸው። ቤቱ የአካባቢው ግንበኞች ጥበብ የሚታይበት መሆኑን፣ በቅርስነት ከተመዘገበ የመንገዱ ፕላን እንደገና እንዲታይ መጠየቅ እንደሚቻል ይላል። የቤቱ ባለቤት እስከ ግንቦት መጨረሻ ካልፈረሙ ግን ሥራው በወጣው ፕላን ይቀጥላል።

«ውርስ አይደለም እንዴ?» አልኩ።

«እንጃ ልጄ፣ እኔ የአማርኛ ጽሕፈት ሰው አይደለሁም። ግን ውርስ የሚሄድ ነገር ነው። ይሄ ደግሞ እንዲቀር የሚለምን ነው የሚመስለው» አሉኝ። ትከሻዬን በክንዳቸው ነካ አደረጉት፤ መዳፋቸው ጭቃ ነበር። «ነይ እንንገራቸው። እኔም አብሬሽ አለሁ።»

እማማ ሰገነቱ ላይ ምስር ይለቅሙ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። «ሲወርሱንም ደብዳቤው ጨዋ ነበር» ብቻ አሉ።

«እትዬ አስካለ» አሉ አያ ሰይድ፣ ደረጃው ላይ እንደቆሙ። «ዝም ካሉ ቤቱ ይሄዳል። ከፈረሙ ግን ሊቀርም ሊሄድም ይችላል። እኔ ብሆን ሁለተኛውን እመርጣለሁ።»

እማማ ምስራቸውን መልቀም ቀጠሉ። መልስ የሰጡት በሦስተኛው ቀን ነው፤ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ። «ያችን ልጅ ጥሯት፤ ደጅ ያቆምኳትን» አሉ። አያ ሰይድ ለደሴው አውቶቡስ ሾፌር መልእክት ሰጡት።

ብርቱካን ስትመጣ እማማ በሩ ድረስ ወርደው ተቀበሏት፤ ጉንጯን ስመው ይቅርታ ጠየቋት። እኔን ስታይ ምንም አላለችኝም። የሜትሩን ጫፍ አስያዘችኝ እንጂ። ቀኑን ሙሉ ያንን ጫፍ ይዤ ከጥግ ወደ ጥግ ስሮጥ ዋልኩ። መቀርቀሪያውን ሳይቀር ለካችው። ምሰሶውን አቀፈችው። የግድግዳውን ድንጋይ በየክንዱ እያሰረ የሚያልፈውን የጥድ እንጨት ስታይ ደግሞ ሜትሯን ጥላ ቁጢጥ አለች።

«ይህ እንጨት ለምንድን ነው የገባው?» አለች።

«ምድር ብትንቀጠቀጥ ድንጋዩ እንዳይለያይ» አሉ አያ ሰይድ። «ቀበቶ ነው። አባቴ ያለ ቀበቶ አይገነባም ነበር።»

እማማ መጀመሪያ ዝም ብለው ያዩ ነበር። ቆይተው ግን ከሜትሩ ቀድመው መናገር ጀመሩ። «ይሄ አሥራ ስምንት ክንድ ነው» ይላሉ፤ ሜትሩ ሲዘረጋ ብርቱካን አስልታ «ልክ ነው» ትላለች። «የማን ክንድ ነው ግን?» ብላ ስትጠይቃቸው «የአባቴ» አሉና ክንዳቸውን ዘረጉ። የራሳቸው ክንድ አጭር ነበር፤ የቀረውን በአየር ላይ በጣታቸው አሳዩዋት። ብርቱካን ሜትሩንም ክንዱንም ጻፈች።

ከሰዓት በኋላ ሰገነቱ ላይ ተቀምጠን ቅፁን ሞላን። «ቤቱን የሠራው ማን ነው?» አለች።

«አባቴ ናቸው። አለቃ» አሉ እማማ።

ብርቱካን ጻፈች። አያ ሰይድ ከእጃቸው ላይ የደረቀ ጭቃ ይልጡ ነበር፤ ቀና አላሉም። እማማ አዩዋቸው።

«ቆይ፣ ተሳስቻለሁ» አሉ። «ያሠሩት አባቴ ናቸው። የሠራው የሰይድ አባት ነው። ግንበኛ ይመር፣ የወረኢሉ ሰው በይ።»

ብርቱካን ወረቀቱን አገላበጠች። «ለግንበኛ የሚሆን ቦታ የለውም፣ እማማ» አለች። ከዚያ ብዕሯን ይዛ ከባለቤቱ ስም ሥር በእጇ አንድ መስመር አሰመረችና ጻፈችው። አያ ሰይድ ብድግ ብለው፣ «የዙሁር ሶላት ሰዓት አለፈብኝ» አሉና መታጠቢያ ውሃ ፍለጋ ወረዱ። ዓይናቸውን በክንዳቸው ሲጠርጉ አይቻቸዋለሁ። ያን ጊዜ ጭቃ የገባባቸው መስሎኝ ነበር።

መፈረሙ ግን ቀላል አልነበረም። ብርቱካን ብዕሩን ከመስጠቷ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎት አለች። ቤቱ ከተመዘገበ በኋላ ጣራውን መቀየር፣ መስኮት ማስፋት፣ በብሎኬት መቀጠል ቢፈልጉ አስቀድመው ማስፈቀድ አለባቸው።

«የገዛ ቤቴን ለመጠገን ፈቃድ ልጠይቅ?» አሉ እማማ።

«አዎ፣ እማማ። ፈቃዱም አንዳንዴ ይዘገያል። ለማሳደሻ የሚሆን ገንዘብ እናገኛለን ብዬም ቃል አልገባልዎትም። በዚህ አልዋሽዎትም።»

እማማ ለረጅም ጊዜ አዩዋት። «ያኔ ሊለኩ የመጡት ልጆች ሁሉም መልካም ይሆናል ነበር ያሉን» አሉ። ብዕሩን ተቀበሉ። አባታቸው ባስተማሯቸው የቁም ጽሕፈት፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እያቆሙ፣ «አስካለ ማርያም» ብለው ጻፉ። እኔ ደብተሬ ላይ እንደዚያ አሳምሬ ጽፌ አላውቅም።

በግንቦት አባቴ ከማሻ መጣ። ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ከበደው። እማማን ይወዳቸዋል፤ የሚፈራውም ለእሳቸው ነው። ሰገነቱ ላይ ጎናቸው ተቀምጦ ሲያናግራቸው እኔ መስኮቱ ውስጥ ሆኜ እሰማለሁ።

«እትዬ፣ ምትክ ቦታ ይሰጥዎታል። ምድር ላይ ያለ፣ ደረጃ የሌለው፣ የማያፈስ ቤት እሠራልዎታለሁ። ጉልበትዎ ይህንን ደረጃ እስከ መቼ ይወጣል?»

«የምትለው ለእኔ ይበጃል» አሉ። «እኔ ግን የቀረኝ ጥቂት ክረምት ነው። ቤቱ ገና ብዙ አለው። ማንኛችን ነን ምትክ የምንፈልገው?»

አባቴ በማግስቱ የሚያፈስባቸውን ቦታዎች አሳዪኝ ብሎኝ ጣራው ላይ ወጣና ሦስቱን ደፈነልኝ። ስለ ምትክ ቤቱ ዳግመኛ አላነሳም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ብርቱካን፣ ቀለሙን የቀባው የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛና ሁለት ሽማግሌዎች ፕላኑን ይዘው መጡ። ግቢው ውስጥ ወረቀቱን ዘርግተው፣ አራት ድንጋይ ጫኑበት። ብዙ ተከራከሩ። በመንገዱ ማዶ ያለው ቦታ ባዶ ሜዳ ስለሆነ መንገዱ ትንሽ ወደዚያ ሊሄድ ይችላል። ያም ሆኖ አይበቃም። ሰውዬው ሜትሩን ከቤቱ ጥግ እስከ ካቡ ዘረጋው፤ ጫፉን የያዝኩት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ለካ፤ ደግሞ ለካ።

«ካቡና ግቢው ለመንገዱ ከተለቀቁ ቤቱ ይተርፋል» አለ። «ሰገነቱ ከመንገዱ ዳር አንድ እርምጃ ይቀረዋል። ከዚህ የተሻለ ላመጣልዎት አልቻልኩም፣ እማማ።»

ካቡና ግቢው ማለት ጌሾዋቸው፣ የኮክ ዛፋቸው፣ ጠዋት ፀሐይ የሚሞቁባት ጥግ ማለት ነው። ከዚህም በላይ፣ ካቡ አለቃ ሰው እንዳያይባቸው ያስካቡት ነው። እማማ ተነስተው ወደ ካቡ ሄዱ፤ መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ አሳርፈው ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ። ማንም አላቻኮላቸውም። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ።

«ካቡ ለቤቱ ነው የተካበው» አሉ ሲመለሱ። «ለቤቱ ይፍረስ።»

የፈረሰው በሰኔ መጀመሪያ፣ በገበያ ቀን ነው። ሠራተኞቹ በጠዋት መጡ። እማማ «የመጀመሪያውን ድንጋይ እኔ ላንሳ» ብለው እጃቸው የደረሰበትን አንዱን ፈልቅቀው መሬት ላይ አስቀመጡት፤ ከዚያ ወደ ላይ ወጥተው ሰገነቱ ላይ ተቀመጡ። እስከ እኩለ ቀን የመንገዱ ወገን ካብ አልቆ አቧራው ሲረግብ፣ ቤቱ እንዳለ መንገዱ ላይ ቆሞ ታየ፤ አዲስ የተመረገው ግድግዳ፣ አራቱ ምሰሶ፣ የቆርቆሮው ጥልፍ፣ መካከል ላይ ነጭ የለበሱ አሮጊት።

የገበያው ሰው መቆም ጀመረ። በዚያ መንገድ ሲመላለሱ የኖሩ ሰዎች ቤቱን ገና አሁን ማየታቸው ነው። አንዱ «እንዴት ዋሉ፣ እማማ?» አለ፤ ሌላው ቀጠለ። እማማ መጀመሪያ አፍረው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ከዚያ ግን መመለስ ያዙ፤ «ደህና ዋላችሁ? ገበያው እንዴት ነው?» ይላሉ። በአንድ ከሰዓት በኋላ የተናገሩት ዓመቱን ሙሉ ከሰማኋቸው ይበልጣል።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ከገጠር የመጣች አንዲት ሴት፣ ባዶ አቁማዳዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ቤቱ ተጠጋች። ሽቅብ አየችው። አማተበች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የግድግዳውን ጥግ ድንጋይ ሳመችው።

«የማን ደብር ነው፣ እናቴ?» ብላ ጠየቀች።

እኔ ልስቅ ስል እማማ በዓይናቸው ያዙኝ። ምርኩዛቸውን ፈልገው ተነሱ፤ ደረጃውን አንድ በአንድ ወረዱና ሴትየዋ ፊት ቆሙ።

«ደብር አይደለም፣ የእኔ እናት» አሏት። «የሰው ቤት ነው። ሰው ይኖርበታል።» እጇንም ያዙ። «ነይ ግቢ፣ ውሃ ጠጪ።»